የዘጌ መያዣ

ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው ሱሪ በመቀየሬ ነው። አገር አማን በነበረበት ጊዜ፣ አንድ ዓርብ ጠዋት፣ ጎረቤቶቼን ጣናን አሻግሬ ዘጌን ላሳያቸው ቃል ገብቼ ነበር። ባለቤቴ «ከእንግዳ ጋር እንዲህ ተለብሶ አይወጣም» አለችና አሮጌውን አስወልቃ አዲሱን አለበሰችኝ። ብሩ አሮጌው ኪስ ውስጥ ቀረ።

ጎረቤቶቼ የሉተራን ሚስዮናውያን ናቸው፤ ከወደ ሰሜን አውሮፓ የመጡ ባልና ሚስት። እሱ የውሃ ባለሙያ ነው፤ ገጠር እየወጣ ጉድጓድ ያስቆፍራል። እሷ ነርስ ናት። ሚስዮናዊ ሲባል መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ ቀኑን ሙሉ የሚሰብክ ይመስለኝ ነበር። በአጥር ላይ ያየሁት ግን ሌላ ነው። የባሕር ዳር ውሃ በፈረቃ ሲመጣ እነሱም እንደኛው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ባልዲ ይዘው ይሯሯጣሉ። መብራት ሲጠፋ እሷ ከሰል ለማያያዝ ስታራግብ ጭሱ እኛ ቤት ይገባል። ጎመኗን የበላባትን የጎረቤት ፍየል «ሂጂ! ሂጂ!» እያለች ስታባርር ሰፈሩ ይስቃል። የሰፈሩ ሰው ስለነሱ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ማርያምን ይወዳሉ?»

አማርኛቸውም ለየቅል ነው። እሱ ከመጽሐፍ ነው የተማረው፤ «እባክዎን አልፍ ዘንድ ይፍቀዱልኝ» ብሎ የባጃጅ ሹፌር ያስደነግጣል። እሷ የተማረችው ከጉሊት ነው፤ «ኧረ በማርያም! ትናንት በስንት ሸጥሽልኝ?» ትላለች። እሱ ሰዋስውን በቃሉ ይወጣዋል፤ ጠበቅና ላላ ግን እምቢ ብሎታል።

ጀልባው ከወደቡ ተነስቶ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አቅጣጫ ትንሽ እንደሄደ ጉማሬ ጭንቅላቱን ብቅ አደረገ። ባልየው ፍጥረቱ ሰው ይጎዳ እንደሆነ ማወቅ ፈልጎ ባለ ጀልባውን ጠየቀ፦

«ጉማሬ ይበላል?»

«ይበላል»ን አጠበቀው። ባለ ጀልባው ወደ ውሃው፣ ከዚያም ወደ እንግዳው አየና «ጌታው፣ ቢበላስ ዛሬ ዓርብ አይደል?» አለ።

ሚስትየው ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔ ደግሞ ለባልየው ክብር ስል ወሬውን ወደ ታሪክ መለስኩት። ጀልባ ላይ የተቀመጠ ባሕር ዳሬ ታሪክ ካላወራ ሞተሩ የማይሠራ ይመስለዋል። «ሉተራን ወደኛ ከመምጣቱ በፊት የኛ ሰው ወደ ሉተር ሄዷል» ብዬ ጀመርኩ። ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን በፈረንጆቹ 1534 ቪተንበርግ ድረስ ተጉዞ ማርቲን ሉተርን አግኝቶ ተነጋግሯል። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ጴጥሮስ ሃይሊንግ የሚባል የሉቤክ ሉተራን በአፄ ፋሲል ዘመን መጣ። ሚስዮናውያኑ ኋላ እየተሸከሙ ያመጡልን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስስ? እሱንም ካይሮ ተቀምጦ የተረጎመው አቡ ሩሚ የተባለ የጎጃም ሰው ነው! አመጣን ያሉትን እኛው ነን የሰጠናቸው። ባልየው በትሕትና ራሱን ነቀነቀ። የበለጠ ሞቀኝ።

ዘጌ ስንደርስ ዮሐንስ ማርቲን ፍላድን አመጣሁ። ሉተራን ከበዛበት ከቩርተምበርግ የተነሳ ወጣት ነው። የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ወንጌልን ከእጅ ሥራ ጋር ያስተምሩ ብሎ ወጣቶች ሲልክ አብሮ መጣ። ኋላ ከሚስቱ ጋር ከሐይቁ በስተሰሜን፣ ደምቢያ ውስጥ፣ ጀንዳ ላይ በቤተ እስራኤል መካከል ኖረ። አፄ ቴዎድሮስ ከእንግሊዝ ጋር ሲቃቃሩና አውሮፓውያኑን ሲያስሩ፣ በ1858 ዓ.ም. ዘጌ ሰፍረው ሳለ ፍላድን ጠርተው ደብዳቤ አስይዘው ወደ ለንደን ላኩት። የፈለጉት የእጅ ባለሙያና መሣሪያ ነበር። «ሄዶ እንዳይቀርስ?» አለ ባልየው። «አይቀርማ! ሚስቱና ልጆቹ መያዣ ሆነው ቀሩ» አልኩና አለፍኩ።

አንድ አስጎብኚ እየመራን በቡናው ጫካ ውስጥ ለውስጥ አዝዋ ማርያምን፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳለምን። ዘጌ በሬ አይጠመድባትም፤ ኑሮዋ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ነው። ከዛፎቹ ሥር አንዲት እማማ ቤት ሽሮ በላን፤ ሦስት ስኒ ቡናም ጠጣን። ከዚያ «እኔ አለሁ!» ብዬ በኩራት እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ። ኪሱ አዲስ ነው፤ ስፌቱ እንኳ አልተፈታም።

ባልየው በእርጋታ የባንክ ካርዱን አወጣ። እማማ ካርዱን ተቀብለው ገልብጠው አዩትና «የማን ፎቶ ነው ይሄ?» ብለው መለሱለት። ካርድ የሚያስተናግድ ማሽን ያለው ባሕር ዳር ነው፤ በጀልባ አንድ ሰዓት። አስጎብኚው አልተከፈለውም፣ እማማ አልተከፈላቸውም፣ ባለ ጀልባው የተከፈለው ግማሹ ነው። ተመካከርን። ባልየው ከባለ ጀልባው ጋር ተመልሶ ብር እንዲያወጣ፣ እኔና ሚስትየው እንድንቆይ ተወሰነ። ጀልባው ሲርቅ ነው ነገሩ የገባኝ።

«እማማ፣ መያዣ ሆነን ቀረን» አልኳቸው እየሳቅኩ።

«መያዣማ ያለ ሥራ አይቀመጥም» አሉና ሙቀጫና ዘነዘና አመጡ።

ጀንፈል ቡና አፈሰሱበት። ዘነዘናውን ለእኔ ሰጡኝ። አሥር ጊዜ ሳልወቅጥ መዳፌ ተላጠ፤ እሱም ሳይበቃ አንዱ ፍሬ ተስፈንጥሮ ዓይኔን መታኝ። ነርሷ ዓይኔን አየችልኝና ዘነዘናውን ተቀብላኝ ራሷ ወቀጠች። ከዚያ እማማ ሰፌድ አስያዟትና ማበጠር አሳዩዋት። መጀመሪያ ገለባውም ፍሬውም አብሮ መሬት ወረደ። እማማ ከኋላዋ ሆነው ሁለት እጆቿን ያዙና ሰፌዱን ከፍ፣ ዝቅ፣ ከዚያ ወደ ፊት ነቅነቅ አደረጉት፤ ገለባው በነፋስ ሄደ፣ ፍሬው ተሰበሰበ። በአራተኛው ብቻዋን ቻለችው። እኔ በማላውቀው የጉሊት አማርኛ ስለ በርበሬ፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ወገብ ሕመም ሲያወሩ ዋሉ። በመሐል እማማ የማይቀረውን ጠየቁ፦

«ልጄ፣ እመቤታችንን ትወጃታለሽ?»

ትንፋሼን ያዝኩ። እሷ ሰፌዱን አላቆመችም። «የጌታዬን እናት እንዴት አልወድም፣ እማማ?» አለች። እማማ ሌላ ጀንፈል ጨመሩላት።

ከሰዓት በኋላ የጣና ነፋስ ተነሳ፤ ማዕበሉ ዳርቻውን ይገርፍ ጀመር። ሁለት ሰዓት አለፈ፣ ሦስት። ስልክ አይሠራም። እሷ ወደ ውሃው አየት አደረገችና «ያቺ ሴት ስሟ ማን ነበር?» አለችኝ።

«የቷ?»

«መያዣ የሆነችው።»

«ፓውሊነ» አልኩ። ጠዋት ስሟን ሳልጠራ እንዳለፍኩ ያኔ ታወቀኝ።

«ስንት ጊዜ ጠበቀችው?»

«አንድ ዓመት ያህል። በ1859 ተመለሰ። እንደዚያም ሆኖ ነፃ የወጡት በሚያዝያ 1860፣ መቅደላ ስትወድቅ ነው።»

«ያን ዓመት ሙሉ ልጆቹን ማን ያበላላት ነበር? እንጨቱን ማን ያመጣላታል?»

እኔ ፍላድ ንግሥት ቪክቶሪያ ፊት እንደቀረበ፣ ከእስር ከተፈታ በኋላ በፈረንጆቹ 1869 በአቢሲኒያ ስላሳለፋቸው 12 ዓመታት መጽሐፍ እንዳሳተመ አብራራሁላት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና «እኔ እኮ የጠየቅኩህ ስለ እንጨቱ ነው» አለች።

ሊመሽ ሲል ጀልባው መጣ። ባልየው ግማሽ አካሉ በስብሷል። ወሬውን ከመውረዱ በፊት ጀመረ፤ መጀመሪያ ባንክ «ሲስተም የለም» እንዳሉት፣ ሁለተኛው ጋ ሰልፉ መንገድ እንደተሻገረ፣ በመልሱ ማዕበሉ ጀልባውን እንዴት እንዳነሳው። አስጎብኚው፣ እኔ፣ ሁለት የመንደሩ ወጣቶች ከበን አፋችንን ከፍተን ሰማነው። «ከዚያስ?» «ከዚያስ?» እንላለን። እሷ ከኋላችን የመጨረሻውን ሰፌድ እያበጠረች ነበር። እንዴት ዋልሽ ያላት የለም።

ሂሳብ ስንዘጋ ባልየው ለሦስታችን ምሳ ቆጥሮ ዘረጋ። እማማ አንዱን ድርሻ ለይተው መለሱለት።

«የሷ ተከፍሏል» አሉ። ከዚያ የተላጠ መዳፌን አዩና «የዚህኛው ግን ይቀራል፤ እንዲያውም ያፈሰሰው ቡና አለ።»