የቻሪዛርድ ሹም ሽር

የፖኬሞን ካርድ ጨዋታ እሳት በሚተፉና መብረቅ በሚያወርዱ ፍጥረታት የተሞላ ነው። እኔን የምታስፈራኝ ግን «ቴክኒካል ማሽን፦ ዲቮሉሽን» የምትባል አንዲት ካርድ ናት። እ.ኤ.አ. በ2023 «ፓራዶክስ ሪፍት» በተባለው እትም የወጣች፣ በአንድ ኢነርጂ ብቻ የምትሠራ፣ ተራው ሲያልቅ ራሷም ተጥላ የምትሄድ ናት። አትመታም፣ አትነክስም፣ አትመርዝም። በባላጋራ በኩል ያደገውን ፍጥረት ሁሉ በአንድ ጊዜ ከማዕረጉ ታወርደዋለች እንጂ። የላይኛው ካርድ ተገፎ ወደ ባለቤቱ እጅ ይመለሳል፤ ከሥሩ የነበረው ትንሹ ፍጥረት ብቅ ይላል።

ላልተጫወተው እንናገር። በመጀመሪያ ቻርማንደር የሚባል እንሽላሊት መሳይ ፍጥረት ይቀመጣል። በላዩ ቻርሜሊዮን፣ በዚያም ላይ ቻሪዛርድ ይደረባል። ደጅ መጥናት የማይወድ ተጫዋች ደግሞ «ሬር ካንዲ» የምትባል ካርድ አለችው፤ በእሷ መካከለኛውን እርከን ዘልሎ ቻርማንደሩን በቀጥታ ቻሪዛርድ ያደርገዋል። ዘመድ ያለው ሰው እንዴት እንደሚሾም ያየ ሁሉ ይህችን ካርድ ለመረዳት መምህር አያስፈልገውም።

የእህቴ ልጅ ሕጉን ለእናቴ ያስረዳት ነበር። እናቴ ንጉሡንም፣ ደርግንም፣ ኢሕአዴግንም ያየች ሴት ናት። እስኪጨርስ ሰምታው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«ቁስሉስ? ከማዕረጉ ጋር ይነሣለታል?»

«አይነሣም፣ እማማ። ቁስሉ እንዳለ ይቀራል።»

«አውቄዋለሁ» አለችና ወደ መቁጠሪያዋ ተመለሰች።

የካርዷ መርዝ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቻሪዛርድ ኢኤክስ የሚባለው ብርቱው ቻሪዛርድ 330 የሕይወት ነጥብ አለው፤ 70 ቢቀነስበት ከቁም ነገርም አይቆጥረው። የቻርማንደር ሕይወት ግን ከነጭራሹ 70 ነው። ስለዚህ በሹመቱ ዘመን ያልተሰማው ቁስል፣ በተሻረባት ደቂቃ ይገድለዋል። ማንም እጁን አላነሣበትም፤ ወንበሩን ብቻ ነው የወሰዱበት። በሬር ካንዲ የወጣውማ መሐል ላይ የሚይዘው ቻርሜሊዮን ስለሌለ ቀጥታ መሬት ይወርዳል። ደረጃ በደረጃ የወጣው ግን አንድ እርከን ብቻ ወርዶ የመትረፍ ዕድል አለው። ጨዋታው እንዲህ ያለ ፍርድ ማወቁን እወድለታለሁ። (ፍርዱ ግን ሙሉ አይደለም፤ ቻሪዛርድ ኢኤክስን በወንበሩ ላይ እያለ የገደለ ሁለት የሽልማት ካርድ ሲያነሣ፣ ተሽሮ ቻርማንደር ከሆነ በኋላ የገደለው አንድ ብቻ ነው የሚያነሣው።)

ብልህ ተጫዋች ታዲያ አስቀድሞ ቁስል ይበትናል። ድራጋፑልት ኢኤክስ ለዚህ የተፈጠረ ነው፤ ፊት ለፊት ያለውን በ200 መትቶ፣ ከኋላ በተቀመጡት ላይ እያንዳንዳቸው 10 የሆኑ ስድስት የጉዳት ምልክቶች እንደ ፈለገ ያከፋፍላል። የኋላዎቹ ትልልቆች ስለሆኑ ይስቃሉ። ያቺ ካርድ ስትመጣ ሳቁ ያበቃል።

መሻርም ግን ስሌት ይፈልጋል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ቻሪዛርድ ኢኤክስ በደንብ የሰማው ይመስላል፤ ከእጅ ወጥቶ በተሾመበት ቅጽበት ከካርዱ ክምር እስከ ሦስት የእሳት ኢነርጂ ያስወጣል። እንግዲህ 60 ብቻ የቆሰለውን ሻርነው እንበል። 10 ነጥብ ይዞ ይተርፋል፤ ካርዱም በባለቤቱ እጅ ነው። ሌላ ሬር ካንዲ ካለው በሚቀጥለው ተራ ዳግም ይሾማል፣ ዳግምም ይበላል። ሁለተኛውን ድግስ የደገስነው እኛው ነን ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት፣ በ1999 በወጣው በመጀመሪያው የእንግሊዝኛ እትም ውስጥ፣ «ዲቮሉሽን ስፕሬይ» የሚባል ካርድ ነበር። ያ የሚሠራው በራስ ፍጥረት ላይ ብቻ ነው። ማን የገዛ ራሱን ሹም ያወርዳል? ካርዱ መልስ ነበረው፦ የወረደው ፍጥረት ከእንቅልፉ ይነቃል፣ ግራ መጋባቱም ይለቀዋል። በወንበሩ ላይ የሚያንቀላፋን ሹም በማውረድ ማንቃት! ይህን ያሰበው ሰው ለካርድ ብቻ መሥራቱ ያሳዝናል።

የሳይንስ ሰዎች ግን ያደገ ፍጥረት ወደ ኋላ ይመለሳል በሚለው አይስማሙም። ብራስልስ ይሠራ የነበረው የቅሪተ አካል ተመራማሪ ሉዊ ዶሎ በ1893 ዝግመተ ለውጥ ወደ ኋላ አይመለስም የሚል ሕግ አውጥቷል። በጌም ቦይ የተጀመረው የፖኬሞን ጨዋታም ከዶሎ ጋር ነው፤ ፍጥረቱ ሊያድግ ሲል «ቢ»ን ተጭኖ ሹመቱን አልቀበልም ማለት ይቻላል፣ ከተቀበሉ በኋላ ግን መመለሻ የለም። ካርዱ ብቻ ነው ያመፀው።

የእህቴ ልጅ ለእናቴ የዲጂሞንንም ነገር ነገራት። በዚያ የጃፓን ካርቱን ትንሹ አጉሞን በጭንቅ ቀን አድጎ ግዙፉን ግሬይሞን ይሆናል። ጠላት ሲሸነፍ ማንም ሳይሽረው ተመልሶ ትንሽ ይሆንና «ራበኝ» ይላል።

እናቴ መቁጠሪያዋን አስቀመጠች።

«ማንም ሳያስገድደው?»

«ማንም፣ እማማ።»

«በፈቃዱ የወረደማ ይብላ እንጂ! ምን ትጠብቃላችሁ፣ ስጡት።»