ለስድስት አንድ ጉዳይ

የኮርስ ማስተዳደሪያ ሲስተም መምህሩ ትምህርቱን የሚጭንበት፣ ተማሪው አሳይንመንቱን የሚያስገባበት፣ ሁለቱ ሳይግባቡ ሲቀሩ ደግሞ አድሚኑ የሚረገምበት ቦታ ነው። ከታወቁት አንዱ ሙድል ሲሆን የመጀመሪያው እትም በ2002 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። የፈጠረው አውስትራሊያዊው ማርቲን ዱጊያማስ ልጅ ሳለ በረሃ ውስጥ በሬዲዮ የተማረ ሰው ነው፤ ላስታ ጋራ ላይ ኔትወርክ ፍለጋ የሚወጣ ተማሪ ብዙም አይገርመውም። ሙድል ገንዘብ አይከፈልበትም፤ የሚከፈልበት እንቅልፍ ነው።

አሠራሩ እንደ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከጣሪያው ይጀምራል፦ ላይ ሳይቱ፣ ከሥሩ ምድቡ፣ ከዚያ ኮርሱ። ላይ የተሰጠ ሥልጣን እስከ ታች ይወርዳል። በሳይቱ ደረጃ በስህተት «መምህር» የተባለ ተማሪ የሁሉንም ኮርስ ውጤት ማረም ይችላል። ደግነቱ ድንጋይ አይደለምና ይመለሳል፤ ተማሪው ቀድሞ ካላወቀ።

አድሚኑ ተማሪ የሚያየውን ለማየት ለጊዜው ሚናውን ይቀይራል። በመሀል ስልክ ይደወላል፣ ቡና ይጠጣል፤ ሲመለስ የማስተካከያው ቁልፍ የለም። ግማሽ ቀን ሰርቨሩን ሲመረምር ይውላል። የተበላሸ ነገር የለም፤ ተማሪ መሆኑን ረስቶ ነው።

ከሬጅስትራር የሚላከው ኤክሴል ደግሞ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ይዞ ይመጣል። ሙድል በግዴታ የሚጠይቀው የራስንና የቤተሰብን ስም ብቻ ስለሆነ አያት ደጅ ይቀራሉ፤ አለዚያም ከአባት ጋር ይዳበላሉ። ዝርዝሩ በቤተሰብ ስም ሲደረደር ክፍሉ የአባቶች ዕድር ይመስላል። በዚያ ላይ «ኃይሉ»ን በሃሌታው «ሀ» የፈለገ አያገኘውም።

በላሊበላ ትውፊት ሰው ቀን የጠረበውን መላእክት ሌሊት ይቀጥሉ ነበር። የሙድል ሌሊት ሠራተኛ «ክሮን» ይባላል፤ በየደቂቃው እየተነሳ ማሳሰቢያ ይልካል፣ ጥራጊ ያወጣል። ሲቆም ድምፅ አያሰማም፤ መቆሙ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ደብዳቤ ሳይደርሳቸው የቀሩ ሲጮኹ ነው።

የጉድ ጉዱ ግን ሰዓቱ ነው። ሰርቨሩ በግሪንዊች ከተሞላ ሁሉም ነገር ሦስት ሰዓት ይዛነፋል። ይህ ቢስተካከልም «11:59 ፒኤም» የሚለው ማብቂያ አለ። ወገል ጤና ያደገ ተማሪ 11:59ን የማታ ካለው አሥራ ሁለት ሳይሞላ ይልካል፤ ስድስት ሰዓት ቀድሟል። ሌላው የሌሊት ካለው ጎሕ ሲቀድ ይልካል፤ ስድስት ሰዓት አርፍዷል። ሁለቱም ሰዓታቸውን በትክክል አንብበዋል። ስለዚህ አድሚን ሆይ፣ ከቁጥሩ ጎን በፊደል «ከምሽቱ ለስድስት አንድ ጉዳይ» ብለህ ጻፍ።