መብራት በመጣ ቁጥር የሚጠፋው አማርኛ

አዲስ አበባ ጎጃም በረንዳ አካባቢ ባሉ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉም ነገር አብሮ አይመለስም። ሊኑክስ የተባለው ሥርዓት በተጫነባቸው ማሽኖች ላይ አማርኛው ቀርቶ ይገኛል። ኮምፒውተሩ ይነሣል፣ ፓስወርድ ይገባል፣ የተጀመረው ማመልከቻ ይከፈታል። ጸሐፊዋ «ለ» ብላ ልትጽፍ ስትነካ ግን የሚወጣው የላቲን ፊደል ነው። ትናንት ተስተካክሎ ነበር። ከትናንት በስቲያም ተስተካክሎ ነበር። ዛሬም እንደ አዲስ ይስተካከላል፤ ነገ መብራት ሲሄድ ደግሞ ያው ነው።

ይህን ትንሽ ጉዳይ ነው የሚል ሰው ወረፋው ውስጥ ቆሞ ይየው። አውቶቡስ ተራ ወርዶ፣ ቢሮ ሳይዘጋ ማመልከቻውን ሊያደርስ የሚጣደፍ ሰው አለ። የሱቅ ኪራይ ውል ለማስጻፍ ምስክሮቻቸውን ይዘው የመጡ ተዋዋዮች አሉ። «አንቺ ልጅ፣ አልደረሰም እንዴ?» ይላሉ ሽማግሌው። «ይታገሡኝ አባባ፣ አማርኛው እምቢ ብሎኝ ነው» ትላለች። ሽማግሌው ይህን ምን ብለው ይረዱት? ማሽኑ በርቷል፣ ፕሪንተሩ በርቷል፣ ወረቀት አለ፤ የጠፋው የአገሩ ፊደል ብቻ ነው።

እነዚህ ቤቶች ሊኑክስን የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ከደንበኛ ደንበኛ የሚዞረው ፍላሽ የሚያመጣው ቫይረስ አንገሽግሿቸዋል። ለፈቃድ የሚከፈል ገንዘብ የለም፤ አሮጌው ማሽንም አዲሱን ዊንዶውስ አይችልም። ሊኑክስ በነፃ ይገኛል፣ በአነስተኛ ሜሞሪ ይሠራል፣ የፍላሹ ቫይረስም እንደ ልቡ አይፈነጭበትም። ምርጫው ትክክል ነው። የሚያስቆጨውም ይኸው ነው፤ ይህን ያህል ነገር የሚችል ሥርዓት አንድ የኪቦርድ ምርጫ አስታውሶ ማደር ያቅተዋል።

ምክንያቱ የሚታወቅ ነው። ሊኑክስ ላይ የኪቦርድ ምርጫ የሚቀመጠው በአንድ ቦታ አይደለም። በዴቢያንና ከእሱ በተወለዱት የሊኑክስ ሥርዓቶች የማሽኑ ጠቅላላ ምርጫ «ኢቲሲ» ሥር ባለ «ኪቦርድ» በሚባል ፋይል ይያዛል። እንደ ግኖም ያለው ዴስክቶፕ ደግሞ የተጠቃሚውን ምርጫ በራሱ መዝገብ ለብቻ ይይዛል። የመግቢያው ገጽ የተጠቃሚውን መዝገብ አይመለከትም፤ የማሽኑን ነው የሚከተለው። የኮምፒውተር ጠጋኙ ተርሚናል (የትእዛዝ መስኮት) ከፍቶ በትእዛዝ የቀየረው ከሆነ፣ ለውጡ የሚኖረው ያ ክፍለ ጊዜ እስኪያበቃ ነው፤ አንዳንዴም የኪቦርዱ ገመድ ተነቅሎ ሲሰካ ይጠፋል። በአንዱ ቦታ የተናገርነውን ሌላው አይሰማም፤ ሲጠየቅም ሁሉም ድርሻዬን ሠርቻለሁ ባይ ነው።

የባሰው በመግቢያው ገጽ ላይ ይመጣል። የማሽኑ ምርጫ አማርኛ ብቻ ሆኖ ሲቀር በላቲን የተመዘገበው ፓስወርድ አልቀበልም ይላል። የሚታየው ነጠብጣብ ነውና የትኛው ፊደል እየገባ እንደሆነ ዓይን አይለይም። ትክክለኛውን ፓስወርድ ያስገባ ሰው ተሳስተሃል እየተባለ ከገዛ ማሽኑ ደጅ ይቆማል።

ለአማርኛ ደግሞ ሸክሙ ድርብ ነው። ፈረንሳይኛ ለሚጽፍ ሰው የቁልፎቹ ሰንጠረዥ መለወጡ ይበቃዋል። የእኛ ፊደል 33 ሆኖ በ7 ቤት ሲበዛ 231 ነው፤ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ከዚያ ይበልጣል። ይህን ሁሉ በአንድ ቁልፍ አንድ ፊደል ማድረስ አይቻልም። ስለዚህ ሁለት ቁልፍ ተቀብሎ አንድ ፊደል የሚያወጣ፣ እንደ አይባስ ያለ ረዳት ፕሮግራም ከዴስክቶፑ ጋር አብሮ መነሣት አለበት። የጽሑፍ ፕሮግራሙም በእሱ በኩል እንዲቀበል መታዘዝ አለበት። የአማርኛው ምርጫ ተመዝግቦ ረዳቱ ሳይነሣ ከቀረ አማርኛ የለም። ረዳቱ ተነሥቶ ምርጫው ከተረሳም የለም። ዴስክቶፑ ላይ ይጽፍና ሰነድ ማዘጋጃው ላይ እምቢ የሚለው ጊዜም አለ፤ ይሄኛው ከሁሉም ያደክማል፤ ስህተቱ የት እንዳለ አያስታውቅምና።

ብዙ መንገድ ከመጣን በኋላ መሆኑ ነው ልብ የሚያቆስለው። ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደላችንን በጽሕፈት መኪና ላይ ለማስገባት ደክመዋል፤ የጽሕፈት መኪና ደግሞ ሌሊቱን አድሮ ፊደሉን አይረሳም። በኮምፒውተሩ ዘመን ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ኮድ ይዘው መጡ፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያን ፊደል ሲያካትት ያ ችግር መፍትሔ አገኘ። ፊደሉ ቁጥር አግኝቷል፣ ቅርጹ በነፃ ይገኛል፣ መጻፊያ ፕሮግራሙም አለ። የጎደለው ከመነሻው ቀላል የነበረው ነገር ነው፤ አንዴ የተመረጠ ቋንቋ ተመርጦ መቅረት።

ሰው ለጊዜው መላ አያጣም። ትእዛዙን በወረቀት ጽፎ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ የለጠፈ አለ። ደንበኛውን «በስልክህ ጻፈውና በቴሌግራም ላክልኝ» የሚልም አለ፤ ስልኩ ጠፍቶ ቢበራ አማርኛውን አይለቅማ። ሌላው «ዩፒኤስ ግዙ» ብሎ ይመክራል። ዩፒኤስ ጥሩ ነው፤ ግን ማሽን ለዝመናም ለጥገናም መጥፋቱና መነሣቱ አይቀርም። «በጣም ቀላል ነው፣ አንድ መስመር መጨመር ብቻ ነው» የሚለው ምክር ደግሞ በጣም ያደክማል። ቀላል ከሆነ ፕሮግራሙ ራሱ ለምን አይጨምረውም? ውል ስትጽፍ የምትውል ልጅ የሥርዓት ፋይል ፈልጋ እንድታርም የሚጠበቅባት በምን ዕዳዋ ነው?

ሥርዓቱን የሚያዘጋጁ ሰዎች በተከላው ጊዜ አማርኛ የሚል መልስ ከተቀበሉ፣ ያንን መልስ በመግቢያው ገጽም፣ በዴስክቶፑም፣ በረዳት ፕሮግራሙም ይመዝግቡት፤ ላቲኑንም ለፓስወርድ አብረው ያቆዩት። እዚሁ ያሉ የሶፍትዌር ባለሙያዎቻችን ደግሞ ችግሩን አውቀው ዝም አይበሉ፤ በየትኛው ዴስክቶፕ፣ በየትኛው ፕሮግራም፣ ምን ሲደረግ አማርኛው እንደሚጠፋ ዘርዝረው ለአዘጋጆቹ ይጻፉ። ያልተነገረ ጉድለት ማንም አያርመውም።

ጠጋኞቻችንም ሥራውን በግማሽ አያስረክቡ። አማርኛ ሲጻፍ ማሳየት አይበቃም። ማሽኑን በደንበኛው ፊት አጥፍተው ያብሩት፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሰነድ ማዘጋጃው ላይ ይጻፉበት። ከፋይም ይህን ሳያይ ሒሳብ አይክፈል። ጠፍቶ ሲነሣ አማርኛ የማይጽፍ ኮምፒውተር ለአማርኛ ጸሐፊ ገና አልተጠገነም።