ውዳሴ ፕላዝማ

ፕላዝማን የሚያማ ሰው ሲገጥመኝ ዝም ብዬ አላልፍም። ሳይንት ውስጥ፣ አጅባር ላይ እሱ ፊት ተቀምጬ ያደግሁ ነኝ፤ የበላሁበትን ወጪት አልሰብርም። በ1997 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተሰቀለው ያ ሰፊ ቴሌቪዥን ዛሬ ስሙ ሲነሳ የሚያስቅ ነገር ሆኗል። ሰው ውለታ ቢስ ነው። ከልጅነት ጠያቂነት አላቆ ጨዋ ያደረገንን መምህር እየሳቅንበት ከምንሸኘው ቢያንስ አንድ ሰው ተነሥቶ ምስጋና ሊያቀርብለት ይገባል። እነሆ ተነሥቻለሁ።

ዘግይተው ለተወለዱት ላስረዳ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተቀርጾ፣ በሳተላይት ተልኮ፣ ከጎንደር እስከ ጎዴ፣ ከአዲስ አበባ እስከ እኛ ሳይንት በአንድ ሰዓት ይደርስ ነበር። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛ፣ ሥነ ዜጋ። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ ፈጣን፣ ጥርት ያለ፣ ለተናጋሪው እጅግ የሚመች እንግሊዝኛ። ከክፍለ ጊዜው 30 ደቂቃ ያህሉን ቴሌቪዥኑ ይወስዳል፤ የተረፈችውን ጥቂት ደቂቃ በአካል ያለው መምህር ይከፍትባታል፣ ይዘጋባታል። ማቆም የለም። ወደ ኋላ መመለስ የለም። መብራት ሲጠፋ እኛ ጨለማ ውስጥ እንቀመጣለን እንጂ ትምህርቱ አይቋረጥም፤ ሰማይ ላይ ይቀጥላል። መብራቱ ሲመለስ ኒውተን ከመጀመሪያው ሕግ ወደ ሦስተኛው ተሻግሮ እናገኘዋለን። ሁለተኛውን ሕግ የክፍላችን ልጆች በወሬ ነው የምናውቀው። ሆኖም ከመካከላችን በዚህ ምክንያት ከፍ ካለ ቦታ የወደቀ የለም።

የዚህን ቁርጠኝነት ዋጋ የሚያውቀው የድሮውን አሠራር ያየ ነው። እኛ አገር ተድባበ ማርያም አለች፤ ከአክሱም ጽዮን፣ ከመርጡለ ማርያምና ከጣና ቂርቆስ ጋር የኦሪት መሥዋዕት ይሠዋባቸው ከነበሩት አንዷ ናት ይሏታል። እንዲህ ባለ አገር ትምህርት ማለት የኔታ እግር ሥር መቀመጥ ነበር። የኔታ ደግሞ የጊዜ ዋጋ የማይገባቸው ሰው ናቸው። ልጁ አንዲት ፊደል ላይ ከተሰናከለ ነገም እዚያው ነው፣ ከነገ ወዲያም እዚያው ነው፤ ሳይገባው ማለፍ የሚባል ነገር አልሰሙም። በቁርአን ቤቱም ያው ነው፤ ሉሁ ላይ የተጻፈው በቃል ካልተወጣ አይታጠብም፣ ካልታጠበ አዲስ አይጻፍበትም። ይባስ ብሎ ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ከመምህሩ ፊት ቆሞ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፣ ይታረማል፣ ይከራከራል፤ የበረታው ቀን መምህሩን ዝም የሚያሰኝበት ጊዜም አለ። ይህ ሁሉ ንትርክ ፕላዝማ ሲመጣ በአንድ ጊዜ ቀረ። ከግድግዳ ጋር የሚከራከር ማን አለ?

ከሁሉም የማደንቅለት ግን አጠያየቁን ነው። አንድ ጠዋት፣ ዘጠነኛ ክፍል፣ ባዮሎጂ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ግማሹ ተማሪ ጋቢውን እንደተከናነበ ነው። የቴሌቪዥኑ የብረት ሳጥን ቁልፍ ተከፈተ፤ አንዲት የክፍላችን ልጅ ቤቷ ያለውን አይታ የሠራችለት ዳንቴል ከላዩ ተነሣ። አስተማሪዋ ሴትዮ ብቅ ብላ ስለ ምግብ ሰንሰለት አንድ ነገር ጠየቀች። ማዕዘኑ ላይ ሰዓቱ ወደ ታች መቁጠር ጀመረ። ከኋላ ወንበር፣ ከገጠር በእግሩ የሚመላለስ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ለቴሌቪዥኑ ነው ያወጣው። ቲቸር ጠመኔያቸውን እንደያዙ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ እጁን አይተውታል፤ ግን ጠያቂዋ እሳቸው ስላልሆኑ በሰው ሥራ ጣልቃ አልገቡም። ሰዓቱ አለቀ። ሴትየዋ ፈገግ አለችና «ቬሪ ጉድ!» አለች። ልጁ እጁን አወረደ።

አንድ ቃል ሳይተነፍስ ተመሰገነ። ይህንን የትኛው የኔታ ያደርገዋል? በዚያች ደቂቃ ልጁ ካደገ በኋላ የሚያስፈልገውን በሙሉ ተማረ። ዛሬ በየስብሰባው «አስተያየት ያላችሁ» ተብሎ ዓይን ከጣሪያ ወደ በር ሲዞር፣ ማንም ሳይናገር «ለሰጣችሁን ገንቢ አስተያየት እናመሰግናለን» ሲባል የሚደናገጡት ከእኛ በፊት የተማሩት ናቸው። እኛ እናጨበጭባለን። ለምደነዋል፤ በሳምንት አምስት ቀን ለምደነዋል።

በሳይንሱም በኩል ቢሆን የሠራው ሥራ ቀላል አይደለም። የቤተ ሙከራው ክፍል ተቆልፏል፤ የተቆለፈውም ዕቃው እንዳይሰበር ነው፤ እውነትም አንድም ዕቃ አልተሰበረም። ሙከራውን የሚሠሩልን ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያሉት ሰዎች ናቸው። ታዲያ የእኛ ክፍል ቴሌቪዥን ከጊዜ በኋላ ቀለሙ ተዛብቶ ሁሉን ነገር አረንጓዴ አደረገው። ሰውየው ሰማያዊ ሊትመስ ወረቀት አሲድ ውስጥ ነከረ፤ አረንጓዴው ወረቀት አረንጓዴ ሆነ። ቀጥሎ ቀዩን ቤዝ ውስጥ ነከረ፤ እሱም አረንጓዴ ነበር፣ አረንጓዴም ወጣ። እኛ ደብተራችን ላይ «አሲድ ሰማያዊውን ቀይ ያደርጋል» ብለን ጻፍን። ዓይናችን ሌላ እያየ እጃችን ትክክለኛውን መጻፉ ሳይንሳዊ ዲሲፕሊን ይባላል።

የባቄላው ነገርም አለ። አጅባር ደጋ ነው፤ ገብስና ባቄላ፣ በግና ብርድ ያለበት አገር። እናቴ ባቄላ ስትጥድ ግማሽ ቀን ትማረራለች፤ ውኃው ይንተከተካል፣ ባቄላው ግን ፍንክች አይልም። ቆላ የተዳረች እህቷ ጋ ይኸው ባቄላ ቶሎ ይበስላል። እናቴ ነገሩን ለእንጨቱ ትሰጠዋለች፣ ሲብስባት ለዓይን። በዚያው ሰሞን ቴሌቪዥኑ ውኃ በ100 ዲግሪ እንደሚፈላ እየነገረን ነበር። እውነት ነው፣ ባሕር ጠለል ላይ። ሽቅብ ሲወጡ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል እየጎደለ ይሄዳል፤ 2,500 ሜትር ላይ ውኃ ወደ 92 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል። ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል እንጨት ብትማግድ እንፋሎት ነው እንጂ ሙቀት አይጨምርም። የእናቴ ድስት ፊዚክስ ነበር፤ በየቀኑ ጓዳችን ውስጥ ሲንተከተክ የሚውል ፊዚክስ።

አንድ ልጅ ይህንን አንድ ቀን ጠየቀ። «ቲቸር፣ እኛ ጋ ውኃው ፈልቶ ለምን አያበስልም?» አላቸው። ቲቸር አስተዋይ ሰው ናቸው፤ የቀረቻቸውን ደቂቃ በእጅ ሰዓታቸው አዩና «አብሽር፤ ፈተና ላይ 100 በል» አሉት። አለ። አገኘም። ልጁ ዛሬ በመንግሥት ሥራ ላይ ይገኛል፤ ባቄላውን የሚያበስለው በፕሬሽር ኩከር ነው፤ እንዴት እንደሚሠራ ግን ጠይቆ ራሱን አስቸግሮ አያውቅም። ጥያቄ በልጅነት እንደሚወጣ ኩፍኝ ነው፤ አንዴ ከወጣልህ ሁለተኛ አይዝህም።

ለንጽጽር ያህል የጎረቤታችንን የመቅደላን ታሪክ ላንሳ። አፄ ቴዎድሮስ በቴክኖሎጂ ጉዳይ ከባድ ስሕተት የሠሩ ንጉሥ ናቸው። ዕቃውን ሳይሆን ዕውቀቱን ፈለጉ። ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡትን አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሰብስበው መድፍ ሥሩልኝ አሉ። አንችልም ቢሏቸው አሽከሮቻቸውን አሰሩባቸው። ሰዎቹ እየሞከሩ፣ እያበላሹ፣ እንደገና እያቀለጡ ተማሩት፤ አብሯቸው የሚሠራው ያገሬው ሰውም አብሮ አየ። በመጨረሻ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ወጣ። ንጉሡ ያንን ብረት መንገድ እያስጠረጉ፣ ገደል እያስናዱ፣ በሺሎን አሻግረው በሰው ጉልበት መቅደላ ላይ አወጡት። ወራት ፈጀ። መድፉ ጦርነቱን አልለወጠውም፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ እዚያው አምባ ላይ ራሳቸውን ሰዉ። መድፉ አሁንም እዚያው አለ።

ልዩነቱን አንባቢ ይፍረድ። እሳቸው ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ ሊያውቁ ሲሉ ይህን ሁሉ መከራ አዩ። እኛ መምህሩን ከነትምህርቱ፣ ከነጥያቄው፣ ከነመልሱ፣ ከነ«ቬሪ ጉዱ» ተሠርቶ ያለቀለትን አስመጣን። ገደል የናደ የለም፤ የታሰረ የለም። ያገሬው ሰው የሚያየው ሥራም አልነበረም፤ ሳጥኑ በቁልፍ ነው። ሲበላሽ የሚያውቀው ሰው ከደሴ ይመጣል ተባለ። ይመጣል የተባለውን ሰው በጥሩ ተስፋ እንጠብቀው ነበር።

ክፉ የሚናገሩ ሰዎች የቅርብ ዓመታቱን የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ያነሳሉ። በ2014 ዓ.ም. ከግማሽ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነው፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ነው፣ በዚያው ዓመት ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም ይላሉ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ መድረሱን ግን አያነሱም፤ ቅን ሰዎች አይደሉም። ደግሞስ ይህ ከፕላዝማ ጋር ምን አገናኘው? እነዚያ ልጆች ፕላዝማ ያዩ አይደሉም። ፕላዝማ ያየነው እኛ ነን፤ እነሱን ያስተማርናቸው እንጂ። ከክፍሌ ልጆች ብዙዎቹ መምህር ሆነዋል፤ ሰባ በመቶው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ በተባለበት ዘመን ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ ፊዚክስ ደርሷቸው፣ ፊዚክስ ያስተምራሉ። አንዱን በቅርቡ አግኝቼው ኒውተን ሁለተኛው ሕግ ላይ ሲደርስ እንዴት እንደሚያደርግ ጠየቅሁት። «የቤት ሥራ እሰጣለሁ» አለኝ። የመምህራችን ልጅ ነው፤ እንደሳቸው ሰዓቱን ያያል።

ሳጥኖቹ ዛሬ ሥራ ላይ ባይሆኑም መንፈሳቸው አልሞተም። የእህቴ ልጅ ኔትወርክ የሚገኝበት ጉብታ ላይ ወጥቶ ስልኩ ላይ ካለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር ያወራል። አጠገቡ ተቀምጬ አየሁት። የጻፈው ጥያቄ ግማሹ የጎደለ ነበር፤ ማሽኑ ግን «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው!» ብሎ ጀመረ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሴትየዋን አወቅኋት፤ አማርኛ ተምራለች። ልጁ የተሰጠውን መልስ ሳያነብ ወደ ደብተሩ ገለበጠና «አጎቴ፣ ጨረስኩ» አለኝ። እኛ ቢያንስ 30 ደቂቃ መቀመጥ ነበረብን። ዕድገት ማለት ይህ ነው። ባቄላው ለምን ቶሎ እንደማይበስል እንዲጠይቀው ልነግረው አሰብሁና ተውሁት፤ ገና ልጅ ነው፣ ጨዋታው ላይ ነበር።

በመጨረሻ ለሚመለከተው ሁሉ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ የጎልማሳ ጥያቄ ስለሆነ መልስ አያስፈልገውም። በየትምህርት ቤቱ ስቶር ውስጥ ከተሰበረ ዴስክ ጋር ተደራርበው የቀሩትን ፕላዝማዎች ለቆራሌው አትሽጧቸው። መቅደላ ይውጡልን፤ ከሴባስቶፖል ጎን አንድ መደብ ተሠርቶላቸው ይቀመጡ፤ ዳንቴሉን አጅባር ታዋጣለች። ጎብኚ እንዳይደናገር ከሁለቱ የትኛው አገር ውስጥ እንደተሠራ በሰሌዳ ይጻፍበት። የጉዞው ወጪ አያሳስብ፤ ለመድፉ ያን ሁሉ ሰው ቢያስፈልግም ለእነዚህ አንድ አይሱዙ ይበቃል።