ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር ፋይል

ቁጥር፦ የለውም፤ ቁጥር ያለዎት እርስዎ ነዎት
ቀን፦ ነሐሴ፣ ጉሙ ከደጅ የማይነሣበት ሰሞን
ጉዳዩ፦ ወደ ማሻ ይመጡልን ዘንድ ስለመለመን

ክቡር ፋይል ሆይ፤

አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ብል አልገባብዎትም? አይጥ አልደፈረዎትም? ማሰሪያ ክርዎ አልላላም? እኛ እዚህ ወሎ ቦረና፣ ማሻ ላይ፣ ከብርዱና ከጭቃው በቀር ደህና ነን። አይሱዙውም ደህና ነው። ግቢ ውስጥ ቆሞ እርስዎን ይጠብቃል፤ ዶሮዎች ሥሩ እንቁላል መጣል ከጀመሩ ሰንብተዋል።

ራሴን ላስተዋውቅ። ስሜ እርስዎ ውስጥ የለም፤ ችግሩም እሱ ነው። እኔና ሁለት ወንድሞቼ ባለፈው መስከረም 50 ኩንታል የሚጭን ያገለገለ አይሱዙ ከሌላ ክልል ገዛን። ከየትኛው ክልል እንደሆነ የሰሌዳውን ሁለት ፊደላት አልጠራም፤ ጉዳዬ ገና አላለቀም፣ መስኮቱም በመልክ ያውቀኛል። የታላቄ ዕቁብ፣ የእናቴ ሁለት በሬዎች፣ የእኔም የመምህርነት ቁጠባ (የመምህር ቁጠባ የሚባል ነገር ካለ) ተደማምሮ ነው የተገዛው። ደላላው «ሞተሩ አልተከፈተም፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የነዳው» ብሎ ግማሽ ቀን ሲምል ዋለና ስለ እርስዎ ሲደርስ ባጭሩ አለፈው፤ «ከዚህ በኋላ ፋይል ማስላክ ብቻ ነው የሚቀራችሁ።» ያቺን «ብቻ» ይኸው አሥራ አንድ ወር ተሸክመናታል።

መኪናው ለመምጣት ሁለት ቀን በቃው። ደሴን አለፈ፣ የጉጉፍቱን ውርጭ ቆረጠ፣ አቀስታ አደረ፣ በማግስቱ ለምሳ ማሻ ደረሰ። ያን ዕለት እናቴ ቡና አፈላች። ሼሁ በአቦሉ ዱዓ አደረጉለት፣ ቄሱ በበረካው ጠበል ረጩት፤ ወሎ ነውና ሁለቱም አንድ ረከቦት ከበው ነበር። ሁለት ሃይማኖት በአንድ ከሰዓት የተቀበለውን መኪና መንግሥት እስከ ዛሬ «አላውቀውም» ይላል። የሾፌራችን ሚስት ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። ልጁ ተወልዶ፣ ስም ወጥቶለት፣ የልደት የምስክር ወረቀቱን በእጁ ይዟል። አይሱዙው ግን አሁንም በሻጩ ስም ነው።

ክቡርነትዎ ጥፋተኛ ነዎት አላልኩም። የተሰረቀ መኪና አለ፣ ሻሲው ተፍቆ እንደገና የተመታ አለ፣ ባንክ የያዘው ተደብቆ የሚሸጥ አለ። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ለጨዋታ አልወጣም። እኛም ውሉን በሰነዶች ማረጋገጫ ተፈራርመናል፣ የቴምብር ቀረጡን ከመቶ ሁለት ከፍለናል፣ ከዕዳና እገዳ ነፃ መሆኑን አጽፈናል፣ የትራፊክ ቅጣት ክሊራንስ አውጥተናል፣ ሦስተኛ ወገን ገብተናል። ወረቀት የተባለውን ሁሉ ይዘን ቀረብን። የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።

እዚህ ያለው መስኮት «ፋይሉ ሲመጣ እንመዘግባለን» አለ። እዚያ ያለው መስኮት «የተቀባዩ ቢሮ የጥያቄ ደብዳቤ ሲደርሰን እንልካለን» አለ። ደብዳቤውን እኔ ልውሰደው ብል «በእጅ አይሰጥም፣ ባለጉዳይ አይታመንም» ተባልኩ። ባለጉዳይ አለመታመኑን ተቀበልኩ። ግን ያው የማልታመነው ሰውዬ በራሴ ገንዘብ ሁለት ቀን ተጉዤ ደብዳቤው ደርሶ እንደሆነ መጠየቅ ይፈቀድልኝ ነበር። ስሄድ አንድ ቀን «ሲስተም የለም»፣ ሌላ ቀን «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው»። እርስዎ ከካርቶን የተሠሩ ነዎት፤ ሲስተሙ ምንዎ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በጥር ግን አየሁዎት። አያስታውሱኝም ይሆናል። መዝገብ ቤቷ ልበ ቀና ሴት ነበረች፤ መሰላል ላይ ወጣች፣ አቧራዎን በመዳፏ ጠረገች፣ «አለ እኮ፣ ይኸውና!» ብላ አሳየችኝ። ጫፍዎ ቢጫ ሆኗል፣ አንድ ቦታ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ ምልክት አርፎብዎታል፣ ከላይዎ የመጀመሪያው ባለቤት ጉርድ ፎቶ በስፒል ተይዞ ቆሟል። ሰውዬው እዚያ ላይ ጥቁር ጎፈሬ አለው፤ ሲሸጥልን ራሱ እንደ መዳፍ ልሙጥ ነበር። በእኔና በእርስዎ መካከል አንድ ክንድ ተኩል ቢኖር ነው። «በቃ ስጪኝ» አልኳት። «ደብዳቤው አልደረሰንም» አለችና በቦታዎ መለሰችዎ። አይሱዙውን ስገዛ እንኳ ልቤ እንዲያ አልመታም።

ደብዳቤው በመጨረሻ በመጋቢት ደረሰ፤ እርስዎም ተነሡ። እኛ ማሻ ላይ በግ አየን፣ ለማረድ ሳይሆን ዋጋውን ለማወቅ። አንድ ወር ጠበቅን፣ የለም። ደውዬ ስጠይቅ «ቦረና ብለን ልከናል» አሉኝ። ቦረና! ክቡር ሆይ፣ በዚህች አገር የእኛ ወሎ ቦረና አለ፣ ሌላም ከተማው ያቤሎ የሆነ፣ ግመል የሚጠጣበት ጥልቅ ኤላ ያለው ትልቅ ቦረና ዞን አለ። እርስዎ ወደዚያኛው ሳይሄዱ አልቀሩም። አልፈርድብዎትም፤ እዚያ ፀሐይ አለ። ተመልሰው መደርደሪያዎ ላይ መውጣትዎን የሰማሁት በግንቦት ነው። ይኸው 44 ዓመቴ ነው፣ ያቤሎን አላየኋትም። የመኪናዬ ወረቀት ከእኔ ይልቅ አገሩን ያውቃል።

ከዚያ ወዲህ በስልክ ሁሉ «ማሻ ብላችሁ ጻፉ፣ ቦረና አትበሉ» እያልኩ ስወተውት ከረምኩ። ከዚያ አንድ ሌሊት ከእንቅልፌ ብድግ አልኩ። ማሻም ሁለት ነው። አንደኛው የእኛው ነው፤ ሌላኛው የሸካ ዞን ዋና ከተማ፣ ደቡብ ምዕራብ፣ ደንና ማር ውስጥ ያለ ማሻ ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልተመለሰም።

እስቲ ስለ ሻሲው ደግሞ ላውጋዎት፤ እርስዎን የሚያኮራ ነገር አለበት። መርማሪው በታኅሣሥ መጣ። አመዳዩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ማዳበሪያ ጆንያ አነጠፍንለት፣ በጀርባው ተንፏቆ አይሱዙው ሥር ገባ። የደረቀውን ጭቃ በምስማር ፈቀፈቀ፣ በናፍጣ የራሰ ጨርቅ አሸበት፣ የእርሳስ ዱቄት ነሰነሰበት፣ ስኮች ለጠፈና በአውራ ጣቱ ጥፍር አንድ በአንድ እየተጫነ ቁጥሩን አነሣው። ሲወጣ ትንፋሹ እንደ ጭስ ይጎናል። ስኮቹን ነጭ ወረቀት ላይ ለጥፎ ከሊብሬው ጋር አስተያየው። ከመጨረሻው አራተኛዋ ላይ ሊብሬው 8 ይላል፣ ብረቱ 3። ሁላችንም ተንበርክከን አየን። 3 ናት፤ ጃፓን ውስጥ ስትመታ ጀምሮ 3 ናት። አንዱ ጸሐፊ ሲገለብጥ ሆዷን ዘግቶባት ይሆናል። መርማሪው ብዙ አሰበና «ፋይሉ ላይ ያለው ነው ትክክሉ፤ ብረቱ ለምን እንደተለየ ማመልከቻ ጻፉ» አለን። እኔም ጻፍኩ። አንድ ብረት ለምን 3 እንደሆነ በአንድ ገጽ አስረድቻለሁ። መምህር አይደለሁ!

ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ ገባኝ። ለካ የገዛነው እርስዎን ነው፤ አይሱዙው አባሪ ነው። ሞተሩ፣ ስድስቱ ጎማ፣ ካሶኒው፣ ሁሉም «አንድ ገጽ አባሪ ተያይዟል» የሚባለው ዓይነት ነው። እኛ ሞኞቹ አባሪውን ይዘን ዋናውን ትተን መጣን።

የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ እኮ እንደ ገበሬ ያስባል። አንቀጽ 1193 ተንቀሳቃሽ ዕቃ በእጁ የተገኘ ሰው ባለቤቱ እንደሆነ ይገምታል፤ በሬ ቢሆን ኖሮ ጉዳዬ ድሮ አልቆ ነበር። መኪና ሲሆን ግን ያው ሕግ ለልዩ ድንጋጌዎች ቦታ ይለቃል፤ ልዩ ድንጋጌው ወደ መዝገብ ይወስዳል፣ መዝገቡ ወደ መደርደሪያ። ሰዉም ስለሰለቸ ስም ማዞሩን ትቶ በውክልና ይገዛዛል። ሦስት አራት እጅ በውክልና ያለፈ መኪና ሞልቷል፤ የመጀመሪያው ባለቤት ከሞተ ደግሞ ውክልናው አብሮት ይሞትና ገዢው ከወራሽ ጋር ፍርድ ቤት ይቆማል። ሊያጠብቁት የመጡት ነገር እንዲህ በእርስዎው ምክንያት ላላ፤ ይህችን ብቻ ሳልቀልድ ልበልዎ።

አሮጌ መኪና ደግሞ አሁን ጌታ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ከውጭ ማምጣትን በቀረጥ አናቱን መታው። በጥር 2016 ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል አይገባም ተባለ። ስለዚህ እዚሁ ያለው ያው መኪና ከክልል ክልል ሲሸጥ ሲለወጥ ይኖራል፤ በተሸጠም ቁጥር እርስዎ መንገደኛ ነዎት። ደመወዝዎ ስንት ይሆን?

እኛ የምዕራብ ወሎ ሰዎች ከሩቅ በመጣ ከባድ ነገር አዲስ አይደለንም። ከእኛ በስተሰሜን መቅደላ ላይ ሴባስቶፖል ተቀምጧል። ጋፋት ላይ የተሠራ፣ ሰባ ኩንታል ያህል የሚመዝን መድፍ ነው። አጼ ቴዎድሮስ በ1860 ከደብረ ታቦር አስነሥተው፣ መንገዱን እየጠረጉ፣ ድንጋዩን እየፈነቀሉ፣ የጅጣንና የበሽሎን ገደል በሰው ጉልበት አሳልፈው በስድስት ወር ገደማ አወጡት። ጎማውም፣ ቁልቁለቱም፣ ረሀቡም ይታሰብዎ። እርስዎ አንድ ኪሎ አይሞሉም፣ አስፋልት አለልዎ፣ ያባረርዎ የእንግሊዝ ጦር የለም፤ አሥራ አንድ ወር! ንጉሡ መድፉን ጎትተው መቅደላ በር ላይ ሲደርሱ «ፋይሉስ?» ቢባሉ ኖሮ ታሪካችን ሌላ ይሆን ነበር።

ኬላ ላይ የሚገጥመንን አላነሣም ነበር፤ ግን ያለእሱ ደብዳቤው ጎደሎ ይሆናል። የሌላ ክልል ፊደል ለጥፎ በእኛ መንገድ መሄድ በዚህ ዘመን ከባድ ነው። ሰሌዳውን አይተው ያስቆሙናል፤ «ይህ መኪና እዚህ ምን ይሠራል?» ባቄላ ይጭናል እንላለን። «የማን ነው?» የእኛ። ሊብሬው ይወጣል፣ ስሙ የእኛ አይደለም። ውሉ ይወጣል፣ ይነበባል፣ ተገልብጦ ጀርባው ይታያል። ወንድሜ መንዳት የተወው ነዳጅ ጠፍቶ ሳይሆን ማስረዳት ሰልችቶት ነው። ቦሎው ደግሞ ሊያበቃ ቀርቧል፤ እሱን ለማደስ እርስዎ ወዳሉበት መመለስ አለበት አሉን። አባሪው ወደ ዋናው ይሄዳል እንጂ ዋናው ወደ አባሪው አይመጣም።

በ2017 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር የክልል መለያ የሌለው አገር አቀፍ ሰሌዳ እንደሚመጣ ሲያሳውቅ እልል ያልኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ሕንዶችም መኪና ከክልል ክልል ይዞ መሄድ አሰልችቷቸው በ2021 እ.ኤ.አ. ከሥራ ቦታ ወደ ሥራ ቦታ ለሚዛወሩ ሰዎች «ብሃራት» የሚባል አንድ ሰሌዳ አወጡ። ግን የእኛ ሰሌዳ ክልሉን ቢረሳ እርስዎስ ይረሳሉ? ብረት ላይ ያለ ፊደል በአንድ ቀን ይነቀላል። እርስዎ መደርደሪያ ላይ ነዎት፤ እዚያ መሰላል ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ልመናዬ። በርዕሱ ላይ እንዲመጡ ለምኛለሁ፤ ያን የጻፍኩት ባለፈው ሳምንት ነበር። ከትናንት ወዲያ ገዢ መጣ። አይሱዙውን ዞሮ አየው፣ ዶሮዎቹን እሽ ብሎ ሥሩ ገባ፣ ሞተሩን አስነሥቶ ሰማ፣ ወደደው። ወንድሞቼ ተያዩ፤ ባቄላ በአህያ ማውረድ ኬላ ላይ ከማስረዳት ይሻላል ተባባሉ። ከየት ነህ ስንለው እርስዎ ካሉበት ክልል ሆኖ ተገኘ፤ እንዲያውም መኖሪያው ካሉበት ሕንፃ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ልመናዬን ገልብጬዋለሁ። እባክዎ አይምጡ። ካሉበት አይንቀሳቀሱ። አባሪውን ራሳችን እናመጣልዎታለን።

ከከበረ ሰላምታ ጋር፤
የአባሪው ባለቤት

ግልባጭ፦
ለሼሁና ለቄሱ (ዱዓውም ጠበሉም ለጊዜው እንዲቆም)

ከፈረምኩ በኋላ፦ አሁን ስልክ ተደወለልኝ። ያቺ የመዝገብ ቤቷ ሴት ናት፤ ድምፅዋ ደስ ብሎታል። «መምህር፣ የምሥራች! ፋይልዎ ትናንት ወጣ» አለችኝ። ወዴት? አልኳት። «ወደ ማሻ ነዋ!» የትኛው ማሻ ልላት አፌን ስከፍት መስመሩ ተቋረጠ።