በቀዳም ሥዑር ያመለጠው ዶሮ

የእኛ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ መኪና ማቆሚያ የሚባለው ቦታ ሥራው ብዙ ነው። ረፋዱ ላይ በርበሬ ይሰጣበታል። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከልበታል፤ ውሃ ሲጠፋ ቦቴ ይቆምበታል። ከትምህርት ቤት መልስ ደግሞ የልጆች ነው። ኳሱም፣ ብዩም፣ ሱዚውም፣ ብስክሌቱም እዚያው ነው፤ ሌላ መጫወቻ የላቸውም። በ1996 ዓ.ም. ገርጂ ላይ የመጀመሪያዎቹ የሙከራ ሕንጻዎች ከተጀመሩ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ በእንዲህ ያለ ግቢ ያደገው ልጅ ብዙ ነው፤ የብዙዎቹም ሜዳ በመኪኖች መካከል የተረፈው ኮብልስቶን ነው።

ባለፈው ዓመት ቀዳም ሥዑር ዕለት ከልጄ ጋር ሾላ ገበያ ወርደን ቀይ አውራ ዶሮ ገዛን። ሻጩ እግሮቹን በሲባጎ አሰረና ከሽንኩርቱ ጎን ከኋላ ኮፈን ውስጥ አስቀመጠልን። ግቢ ስንደርስ ቦታው ጢም ብሏል። ለበዓል የመጣ እንግዳ ሁሉ መኪናውን ባገኘበት አቁሟል፤ ከመብራት ምሰሶው ጋር የታሰረ በግ ይጮኻል፤ ግንባራቸው ላይ ቄጤማ ያሰሩ ልጆች በጉን ከበውታል። ኮፈኑን ስከፍት ዶሮው ለካ ከሲባጎው ወጥቷል። ክንፉን አራግፎ ፊቴ ላይ ዘለለና መሬት ወረደ፤ ወዲያው መኪኖቹ ሥር ገባ።

«ዶሮ አመለጠ!» አለ አንዱ። ከዚያ በኋላ ልጅ የሚባል ባለበት አልቆየም። በጉ ተረሳ። የእኔም ልጅ እጁን ከእጄ መንጭቆ ሄደ። ሲሮጡ ጥግ ይዘው አልነበረም፤ በመኪኖቹ መሐል እየተሹለከለኩ፣ እየተንበረከኩ፣ ሥር ሥሩን እያዩ ነበር። እኔም እየተጣራሁ ተከተልኳቸው። ድንገት ከፊቴ ያለው ነጭ መኪና ጎማው ሲዞር አየሁ። ድምፅ አልሰማሁም። የሞተር ድምፅ፣ የጭስ ማውጫ ድምፅ፣ ምንም። ጎማው ብቻ ይዞራል፤ መኪናው ወደ ኋላ እየመጣ ነው።

ሁላችንም «አባባ» የምንላቸው የግቢያችን ጥበቃ ከየት እንደደረሱ አላውቅም። ኮፈኑን በቆመጣቸው ደበደቡት። «ቁሚ! ቁሚ አንቺ ልጅ! ሕጻን አለ!» መኪናው ቆመ። ከኋላ ጎማው አጠገብ ሦስት ዓመት የማይሞላት ሕጻን ተቀምጣ እጇን ወደ ዶሮው ትዘረጋለች። ኮንጎ ጫማዋ ከእግሯ ወልቆ ጎማው ሥር ገብቷል። እሷን አልነካትም። እናቷ ስትደርስ ግን መቆም አቅቷት መሬት ላይ ቁጭ አለች።

መኪናውን የምትነዳው ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር ወጣት ናት፤ ትሑትና ጥንቁቅ ልጅ ናት። እጇ እየተንቀጠቀጠ «ካሜራውን አይቻለሁ እኮ፤ በእግዚአብሔር፣ ማንም አልነበረም» ትላለች። አምናታለሁ። ስታይ ማንም አልነበረም፤ ሕጻኗ የመጣችው ከጎን ነው፤ ያውም ካየች በኋላ። ጥቂት ጎረቤቶች ሊቆጧት ሲነሱ አባባ ከለከሏቸው። «እሷ ላይ አትጩኹ፤ ነገ ሌላው ነው» አሉ። ትልቅ ቃል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ሁሉ የጀመረው ይኸው ነው።

ዶሮውን ማታ ላይ ከወዲያኛው ብሎክ አንድ ጎረቤት ይዞልን መጣ። እኔ ግን ሌሊቱን በሙሉ፣ ቤተ ክርስቲያንም ቆሜ፣ የማስበው ያንን ድምፅ አልባ ጎማ ነበር። እኛ ልጆች ሳለን ጆሯችን ይጠብቀን ነበር። መኪና ሲነሳ ያጓራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይጨሳል፤ ከሥሩ የተኛ ድመት እንኳ ቀድሞ ይወጣል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ ግን በየግቢያችን የሚገባው አዲስ መኪና፣ እንደዚያ ነጭ መኪና ሁሉ፣ የኤሌክትሪክ ነው። ለከተማው አየር ደስ ይለኛል። ነገር ግን የኤሌክትሪክ መኪና ሲፈጥን የጎማው ድምፅ ይሰማል እንጂ፣ በእግር እርምጃ ፍጥነት ሲሄድ፣ ማለትም መኪና ማቆሚያ ውስጥ በሚሄድበት ፍጥነት፣ ዝም ነው። የአውሮፓ ኅብረት ይህን አይቶ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ማንኛውም አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲሄድና ወደ ኋላ ሲመለስ ሰው ሠራሽ ድምፅ እንዲያሰማ አስገድዷል። መኪና ልትገዙ የምትሄዱ ሰዎች፣ ስለ ባትሪው ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን ጠይቁ። ወደ ኋላ አስነድታችሁ፣ ከውጭ ቆማችሁ፣ በጆሯችሁ ስሙ።

ካሜራም ቢሆን በዋዛ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ ካሜሮን ጉልብራንሰን የሚባል የሁለት ዓመት ሕጻን በቤቱ ደጃፍ መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ ሞተ። መሪውን የያዙት አባቱ ናቸው፤ ሙያቸው ደግሞ የሕጻናት ሐኪም። ልጅን ማዳን ሥራቸው የሆነ ሰው! በሕጻኑ ስም የተጠራው ሕግ በ2008 ጸደቀ፤ አዲስ መኪና ሁሉ የኋላ ካሜራ እንዲኖረው የግድ የሆነው ግን ከግንቦት 2018 ጀምሮ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ፈጀ። ያም ሆኖ ሕጉ የሚጠይቀው ከመኪናው ኋላ በቀጥታ ያለ፣ ሦስት ሜትር በስድስት ሜትር የሚሆን ቦታ እንዲታይ ነው። ከጎን የሚሮጠውን አይጨምርም። የካሜራው መስተዋት ጭቃ ሲለብስ ወይም ፀሐይ ሲመታው ምን እንደሚያሳይ የሚነዳ ያውቃል። ከተማችን ውስጥ ካሜራ የሚባል ያልገባለት አሮጌ ኮሮላና ቪትዝ ስንቱ ነው!

ከበዓሉ በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት ጎረቤቶችን ለመንኩና አንድ ነገር ሞከርን። ሃያ ሊትር የሚይዝ ቢጫ ጀሪካን ቁጢጥ ካለ ሕጻን ብዙም አይበልጥም፤ እሱን በየመኪናው ዙሪያ እያስቀመጥን፣ ባለመኪናው መሪው ላይ ተቀምጦ ሲታየው «አየሁ» እንዲል ጠየቅን። ቪትዙ ላይ ከኋላ ብዙ እርምጃ እስክንርቅ ድረስ በመስኮቱም በስፖኪዮውም አልታየም። ያስደነገጠን ግን ፒክአፑ ነው። የፊት ኮፈኑ ከፍ ያለ ስለሆነ ጀሪካኑ በፊት ለፊቱ ተቀምጦ እንኳ አይታይም። እኔ ወደ ኋላ መሄድን ብቻ ስፈራ ኖሬያለሁ። ባለቤቱ አላመነም፤ ወርዶ አይቶ ተመልሶ ወጣ፤ እንደገና ወረደ።

ቀጥሎ ልጆቹን ተራ በተራ መሪው ላይ አስቀመጥናቸው። ቁልፉ አባባ ኪስ ውስጥ ነው። ጓደኛቸው ከኋላ ቁጢጥ ብሎ እጁን ያወዛውዛል። ልጄ በስፖኪዮው ፈለገ፣ ዞሮ ፈለገ። «የት ሄደ?» አለ። እዚያው እንዳለ ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። «እሱ ግን መኪናውን ያየዋል አይደል?» አለኝ። አዎ፣ ያየዋል። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ልጅ መኪናውን ካየ መኪናውም እሱን ያየው ይመስለዋል። ስለዚህ ይቆማል፣ ይጠብቃል፣ አይሸሽም። «ተጠንቀቅ» ብትሉት ከምን እንደሚጠነቀቅ አያውቅም። መሪው ላይ አስቀምጡት፤ ጓደኛው ከዓይኑ ሲጠፋ ይገባዋል።

በግቢያችን ኮሚቴ ስብሰባ ላይ አንዳንዶች ልጆቹ ግቢ ውስጥ ጨርሶ እንዳይጫወቱ ይከልከል አሉ። ይህን በሙሉ ልቤ ተቃወምኩ፤ አሁንም እቃወማለሁ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንጻ ቤት አዋጅ ግቢውን የሁላችን ያደርገዋል፤ የመኪና ባለቤቶች ብቻ ንብረት አይደለም። መኪና የሌለው ቤተሰብ ልጁን ፎቅ ላይ ቆልፎ ያሳድግ ማለት ነው? ይልቅ አባባ ያነሱት ሐሳብ ሁሉንም አስማማ። ማንም ግቢ ሲገባ በኋላ ማርሽ ገብቶ ያቁም፤ ሲወጣ ወደ ፊት ይወጣል። ሲገባ ቦታውን አሁን አይቶታልና ማን እንዳለበት ያውቃል፤ ጠዋት ሲወጣ ግን ሌሊት ያልነበረ ነገር ሊኖር ይችላል። ለማንኛውም መኪናው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ፊቱንም ኋላውንም ዞሮ ይይ፤ አንዴ ክላክስ ያድርግ። መኪናው ድምፅ ከሌለው በተለይ።

ወላጆችም እርስ በርሳችን ተነጋገርን። ገበያ ስንሄድ ልጁ ቀድሞ ይገባል፤ ዕቃው በኋላ ይጫናል። ሲወርድ ደግሞ መኪና በማያልፍበት በኩል ይወርድና መዳፉን በሩ ላይ ለጥፎ ይቆማል። ስንይዘውም ከጣቱ ይልቅ የእጁን አንጓ ነው፤ ጣት ይሾልካል። «ዳቦ ገዝቼ ልምጣ» ብሎ ልጅን መኪና ውስጥ ትቶ መሄድ ቀርቷል። ውጭው 22 ዲግሪ ብቻ ሆኖ እንኳ የተዘጋ መኪና በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ45 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል፤ ስለዚህ የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛ ነው ብሎ መተማመን አይቻልም። ዳገት ላይ የቆመ መኪና የእጅ ፍሬንም ብቻውን ለቀረ ልጅ የሚያባብል መጫወቻ ነው።

ከልብስ መስጫው ወዲያ ያለው ቦታ ለልጆቹ እንዲለይ ተወስኗል። አሮጌ ጎማ ግማሹ ድረስ ተቀብሮ፣ በኮንክሪት ተሞልቶ መኪና እንዳያልፍ ይደረጋል። ክርክሩ የነበረው ከፒክአፑ ባለቤት ጋር ነው፤ ማቆሚያው እዚያ ነበርና። ጀሪካኑን ካየ በኋላ ግን ቦታውን ራሱ ለቀቀ። ጎማው ተሰብስቧል፣ ሲሚንቶውም ተገዝቷል። የቀረው አሸዋ ነው፤ እሱንም በፒክአፑ ጭኖ እሑድ ሊያመጣ ቃል ገብቷል።