ቦሌ አካባቢ

በ2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ 11ኛ ክፍለ ከተማዋን ስታቋቁም ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ለሚ ኩራ ተወለደ። የአራብሳ የጋራ መኖሪያ ቤቶችም በአዲሱ ክፍለ ከተማ ሥር ገቡ። ማህተሙ ተቀየረ፣ ወረዳው ተቀየረ፣ ጉዳይ የሚያስፈጽሙበት ቢሮ ተቀየረ። ስሙ ግን «ቦሌ አራብሳ» እንደተባለ ቀረ። የቤት ደላላን መተዳደሪያ የሚቀማ አዋጅ ገና አልወጣም። ደላላው ደንበኛውን ይዞ ገርጂን ካለፈ፣ ጎሮን ካለፈ፣ ላሞች መንገድ እስኪለቁለት ቆሞ ከጠበቀ በኋላም «ምን ችግር አለ፣ እዚሁ ቦሌ አካባቢ ነው» ይላል። ደንበኛው ቀብዱን ከፍሎ ሲመለስ ለዘመድ አዝማዱ «ቦሌ ልገባ ነው» ብሎ ያበሥራል። በዚህ ጉዳይ ሁለቱም እኩል ተጠቃሚ ስለሆኑ አንዱ ሌላውን አያጋልጥም።

ቦሌ ራሱ ስሙን ያገነነው በአውሮፕላን ነው። በ1950ዎቹ የአውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ሲዛወር ሥፍራው የከተማ ዳርቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ክብሩ ለጎረቤት ሁሉ ተረፈ። ቦሌ ሚካኤል፣ ቦሌ ቡልቡላ፣ ቦሌ ለሚ እያለ ስሙ ሲዘረጋ ማንም «በቃ፣ እዚህ ላይ ያበቃል» ያለው የለም።

«ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት» የሚለው ተረት ለሰው የተነገረ ነው። የከተማው ምሥራቅ ግን ለመንገድም እንደሚሠራ ያሳያል። ከሃያ ሁለት ወደ መገናኛ የሚወስደው ጎዳና በኃይሌ ገብረ ሥላሴ ስም ተሰይሟል። ሰውየው በአትላንታና በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያጠለቀ፣ በሕይወት እያለ መንገድ የተሰየመለት ጀግና ነው። ነገር ግን የትኛውም ወያላ ከሚኒባስ መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ «ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ጎዳና!» ብሎ ሲጣራ አልተሰማም። ጠርቶ እስኪጨርስ ሌላው ታክሲ «መገናኛ! መገናኛ!» ብሎ ሞልቶ ይሄዳል። አትሌቱን በፍጥነት የቀደመው ሰው ቢፈለግ ይኸው ወያላ ነው። ባለቤቱ ወይዘሮ ዓለም ግን የበለጠ ቀንቷቸዋል። ቦሌ መንገድ ላይ በስማቸው የተሠራው ሕንፃና ሲኒማው ከተሳፋሪ አፍ አይጠፋም፤ «ዓለም ሲኒማ ጋ ወራጅ አለ!»

መንገዱ ደግሞ በወረቀት «አፍሪካ ጎዳና» ነው። አንድ አህጉር ሙሉ ስሙን አዋጥቶ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ቦሌ መንገድ» ነው የሚለው።

ከሁሉ የሚያስቀው የሲኤምሲ ዕድል ነው። ሲኤምሲ በደርግ ዘመን በዚያ ሠፈር መኖሪያ ቤቶችን የገነባ የጣሊያን ሥራ ተቋራጭ ነበር። ሦስቱ ፊደላት ሲፈቱ የግንበኞችና የሲሚንቶ ሠራተኞች ኅብረት ሥራ ማኅበር ማለት ናቸው። ማኅበሩ ቤቱን ሠርቶ ሄደ፤ ሐውልት አልጠየቀም፣ አደባባይ አልተመረቀለትም፣ ስሙ ግን ሠፈር ሆኖ ቀረ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2018 መጨረሻ ዕዳው በዝቶበት እዚያው አገሩ ራቬና ፍርድ ቤት ከአበዳሪዎቹ እንዲያስጠልለው ሲያመለክት፣ እዚህ አዲስ አበባ ውስጥ «ቤቱ ሲኤምሲ ነው» የሚለው ቃል የኪራይ ዋጋ ከፍ ማድረጉን አላቆመም። ባለሙያዎቹ ቢሰሙ ቢያንስ የደላላ ኮሚሽን ይጠይቁ ነበር።

የሥነ ጽሑፉም መንደር ከዚህ የተሻለ ፍትሕ የለውም። አለቃ ገብረ ሐናን ይመልከቱ። የፎገራው ሰው የአቋቋም ሊቅ ነበሩ። እንደሚተረከው ከጣና ማዕበልና ከደንገሉ መወዛወዝ አይተው አዲስ የአቋቋም ስልት ቀመሩ። የጎንደር ካህናት አልተቀበሏቸውም። ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩ፣ ተክሌም ደብረ ታቦር ላይ አስፋፋው፤ ዛሬ «የተክሌ አቋቋም» ይባላል። አባትየው በሌሊት ተነሥተው የደከሙበት ለልጅ ስም ዋለ። በምትኩ ምን ደረሳቸው? ቀልድ! እርሳቸው ያልተናገሩት፣ ከሞቱ በኋላ የተፈጠረ፣ አንዳንዱም ስልክና መኪና ያለበት ቀልድ ሁሉ «አለቃ ገብረ ሐና አንድ ቀን» ተብሎ ይጀመራል። ባለቤት ያጣ ቀልድ እርሳቸው ቤት ያድራል። ካህናቱ የነቀፉት ዝማሜ ዛሬ በየደብሩ ሲከበር፣ ሊቁ በየጠጅ ቤቱ ቀልደኛ ሆነው ቀርተዋል።

ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ስሙ ከመጽሐፉ በፊት ወጣ። «ሌቱም አይነጋልኝ» የውቤ በረሃን ሌሊት እንዳለ ስላስቀመጠ በንጉሡም በደርጉም ዘመን ማተሚያ ቤት የሚደፍረው አልተገኘም። ስለዚህ በእጅ ጽሑፍና በታይፕ እየተባዛ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖረ። አንብበነዋል የሚሉት ካነበቡት እንደሚበዙ መገመት አይከብድም፤ የተከለከለ መጽሐፍን አላነበብኩም ማለት ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ትልቅ ውርደት ነበርና። ታትሞ ገበያ ላይ ሲውል ብዙዎች ገዝተው ተሸማቀቁ፤ ጥቂቶች ደግሞ «ይኸው ነው እንዴ?» አሉ።

በዚህ ላይ ወዳጁ በዓሉ ግርማ በ1972 ዓ.ም. «ደራሲው»ን አሳተመ። ባለታሪኩ ሲራክ ይባላል፤ ስብሐትን የሚያውቅ ሁሉ ግን ገጹን ሲገልጥ ስብሐትን አገኘው። ሰውየው የራሱ መጽሐፍ ሳይታተምለት የሌላ ሰው መጽሐፍ ውስጥ ዋና ገጸ ባሕርይ ሆነ። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በገንዘብ አይገኝም። ይህን ወግ የሚጽፈው ሰው እንደሚያስበው፣ ከዚያ በኋላ ስብሐት ምንም ቢጽፍ ባይጽፍ ደራሲ ከመባል አያመልጥም ነበር።

ስም ለውጦ መጻፉ ግን ሁልጊዜ ጨዋታ ሆኖ አይቀርም። በዓሉ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን ሲያወጣ አንባቢ የለመደውን አደረገ፤ ከገጸ ባሕርያቱ ጀርባ ያሉትን ባለሥልጣናት ለየ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። የባለሥልጣን ስም እንደ ስብሐት ስም አይቀለድበትም ነበር።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን ካነሣን ደግሞ ስሙን ቄስ ይጥራው የሚሉ አሉ። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። ስለ አጤ ምኒልክ የጻፈውን ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ውዳሴ በዛበት ብለው ነቅፈውታል። እንዲህ ንጉሥን ያወደሰ ብዕር በወረራው ዘመን ለፋሺስት አደረና ጣሊያኖች «አፈ ቄሣር» ብለው ሾሙት። መጨረሻው በጅማ ግዞት ሆነ። የሥነ ጽሑፍ መምህራን ሴሚስተሩን በእርሱ ከመክፈት ሌላ አማራጭ የላቸውም፤ ስለዚህ መጽሐፉን ያመሰግኑና ሰውየው ላይ ሲደርሱ ሰዓታቸውን ያያሉ።

ለተጎዳ ስም ሕግ አለ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2044 በቃልም ሆነ በጽሑፍ ሰውን የሚያስጠላ፣ የሚያስንቅ ወይም የሚያስቅ አድርጎ ክብሩን አደጋ ላይ የጣለ ሰው ተጠያቂ ነው ይላል። ሕጉ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል፤ ተበዳዩ በሕይወት ያለ ሰው መሆን አለበት። ስብሐት «ደራሲው» ሲወጣ በሕይወት ነበር፤ ክስ መመሥረቱ አልተሰማም። አለቃ ገብረ ሐና ግን ያልተናገሩትን ቀልድ ሁሉ ሰብስበው፣ ፋይል አስጠርዘው ቦሌ ምድብ ችሎት ቢቀርቡ ዳኛው ገና ከበሩ ይመልሷቸዋል። በማግሥቱም ከተማው «አለቃ ገብረ ሐና አንድ ቀን ፍርድ ቤት ሄዱና…» ማለቱ አይቀርም።